የአይልትስ ራይቲንግና ስፒኪንግ 5.5 ላይ ቆመውብኛል፤ ከደብረ ሲና ሆኜ እንዴት ላሻሽለው?

የቆሎ አገር ልጅ | መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ደብረ ሲና ነው፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር እየሞከርኩ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው አይልትስ አካዳሚክ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) በአጠቃላይ 6.5 ሲሆን ከየትኛውም ክፍል ከ6 በታች መሆን የለበትም።

ባለፈው ወር ተፈተንኩ። ሊስኒንግ (ማዳመጥ) 6.5፣ ሪዲንግ (ንባብ) 6.5፣ ራይቲንግ (ጽሑፍ) 5.5፣ ስፒኪንግ (ንግግር) 5.5 መጣ። አጠቃላይ 6። ክፍያው የሁለት ወር ደመወዜን ጠራርጎ ነው የወሰደው። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» ብዬ ዝም ብዬ የምደግመው ነገር አይደለም።

ራይቲንጉ ምን እንደጎደለው አላውቅም። ስፒኪንጉን ግን አውቀዋለሁ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው ስወድቅ ያየሁት። ሁለተኛው ክፍል ላይ የደረሰኝ ካርድ «የማትረሺውን ጉዞ ተናገሪ» ይላል። ደስ አለኝ! ከቴሌግራም ያገኘሁትን የላሊበላ ጉዞ ሸምድጄ ነበርና እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነብኩት። ስጨርስ ፈታኟ ፈገግ አለችና «ከማን ጋር ነበር የሄድሽው?» አለችኝ። እኔ ላሊበላን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ። «ዊዝ... ዊዝ ማይ ፋዘር» አልኩ። አባቴ ደግሞ እዚሁ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጣርማ በርን መሻገር የማይወድ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራሁ አላስታውስም።

እዚህ የቋንቋ ትምህርት የሚሰጥ ቦታ የለም። አዲስ አበባ ሄጄ እንዳልማር ሥራዬን ትቼ መሄድ አልችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባሶና | መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 4፡05

እህት ዓለም፣ አይዞሽ። ከደብረ ብርሃን ነኝ፤ እኔም ሁለቴ ነው የተፈተንኩት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። አራቱ ውጤቶች ተደምረው ለ4 ይካፈላሉ። .25 ከመጣ ወደ .5 ያድጋል፣ .75 ከመጣ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር። ሊስኒንግና ሪዲንግሽ እንዳሉ ሆነው ራይቲንግና ስፒኪንጉን 6፣ 6 ብታደርጊያቸው ድምሩ 25 ነው። ለ4 ሲካፈል 6.25፤ የሚጻፍልሽ 6.5 ነው። የጎደለሽ ግማሽ ግማሽ ባንድ (የአይልትስ ነጥብ) ብቻ ነው። ተራራ አታድርጊው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ጠይቂያቸው። አንዳንዶቹ «ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ካመጣሽ ፈተናውን ይተዉልሻል። ሁሉም አይደሉም። ግን መጠየቅ በነፃ ነው፤ እኔ ሳልጠይቅ ነው ሁለተኛውን ክፍያ የከፈልኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባንድ ዘጠኝ | መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 2፡11

*[ይህ መልእክት በአስተዳዳሪው ተነሥቷል]*

የቤቱ አስተዳዳሪ | መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 2፡40

«የዚህ ወር ጥያቄ እጃችን ገብቷል፣ በውስጥ መስመር አናግሩን» የሚል ሰው ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አይሰጠውም።

የሮቢት ፀሐይ | መጋቢት 4፣ ከቀኑ 6፡30

ደግ አደረጋችሁ። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ገንዘብ ልኬ አውቃለሁ። የላከልኝ የድሮ መለማመጃ ጥያቄ ነበር፤ በነፃ የሚገኝ። ከዚያ ቁጥሬን ዘጋብኝ። ሸዋ ሮቢት ቁጭ ብዬ በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ጨመረልኝ።

የቆሎ አገር ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ራይቲንግ ላይ ሰዓቱን እንዴት ከፋፈልሽው?

የቆሎ አገር ልጅ | መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 2፡15

ታስክ 1 (ግራፍ የሚገለጽበት) ላይ 35 ደቂቃ ገደማ ሳልቆይ አልቀረሁም። ግራፉ ብዙ ቁጥር ነበረው፤ አንድም እንዳይቀርብኝ ብዬ ሁሉንም ጻፍኩ። ታስክ 2ን፣ ድርሰቱን፣ በሩጫ ነው የጨረስኩት። መደምደሚያውን በአንድ መስመር ዘጋሁት።

የሮቢት ፀሐይ | መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 2፡50

አገኘሁሽ! በሽታው እዚህ ጋ ነው።

ራይቲንግ በጠቅላላው 60 ደቂቃ ነው። ታስክ 1 ቢያንስ 150 ቃል፣ ታስክ 2 ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል። ለመጀመሪያው 20፣ ለሁለተኛው 40 ደቂቃ ስጡ ነው የሚባለው። ይህ ለጌጥ የተባለ አይደለም፤ ታስክ 2 ውጤቱ ላይ የታስክ 1ን ሁለት እጥፍ ይመዝናል። አንቺ ቀላሉን በወርቅ ገዝተሽ ውዱን በሳንቲም ሸጥሽው።

ሁሉንም ቁጥር መጻፍ ደግሞ አያስፈልግም። እኔ ሽንኩርትና ማሾ የሚነገድበት አገር ነው ያደግኩት። አንድ ነጋዴ «ዘንድሮ ሽንኩርት እንዴት ነበር?» ብትይው የየሳምንቱን ዋጋ አይቆጥርልሽም። «ክረምት ላይ ሰማይ ነካ፣ አዲሱ ሲደርስ ተንኮታኮተ» ይልሻል። አለቀ። አይልትስም የሚፈልገው መጀመሪያ ያንን ነው፤ ኦቨርቪው ይሉታል። ትልቁን ምስል በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ፤ ከዚያ እሱን የሚደግፉ ቁጥሮችን መርጠሽ አምጪ። ምክንያትና አስተያየት ግን አትጨምሪ። ቻርቱ ያላለውን አንቺም አትበይ።

ጡረተኛው መምህር | መጋቢት 5፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ መንዝም ደብረ ብርሃንም ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የዚህችን ልጅ ታሪክ ሳነብ ጥፋቱ ግማሹ የእኛ የመምህራኑ መስሎ ተሰማኝ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ግን ልጁ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ አይጽፍም። የ12ኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ማጥቆር ነው። የማይፈተን ነገር ደግሞ አይጠናም። እኔ ራሴ በአንድ ክፍል ከ70 በላይ ተማሪ ይዤ «ለነገ አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ኑ» ባልኳቸው ቁጥር ሌሊቱን በእርማት ማንጋት ነበረብኝ። ስለዚህ አላልኳቸውም። እውነቱ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ሊስኒንግና ሪዲንግሽ ከሌሎቹ የተሻሉት። እንግሊዝኛ አጥተሽ አይደለም፣ ልጄ። እንግሊዝኛሽን አውጥቶ የሚያይልሽ ሰው አጥተሽ ነው። እስቲ በ40 ደቂቃ አንድ ታስክ 2 ጻፊና በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ጥያቄው ይህ ይሁን፤ «በብዙ አገሮች ወጣቶች ገጠሩን ትተው ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ጥቅሙ ይበልጣል ወይስ ጉዳቱ?» መዝገበ ቃላት አይከፈትም።

የቆሎ አገር ልጅ | መጋቢት 7፣ ከምሽቱ 4፡30

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልኬልዎታለሁ። ከወደዱ እዚሁ ያርሙት፤ ሌላውም ይማርበት። የማፍርበት ዕድሜ አልፏል።

ጡረተኛው መምህር | መጋቢት 9፣ ከቀኑ 9፡10

እሺ፣ አንድ በአንድ እንሂድ። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ።

መግቢያሽ በአማርኛ ሲተረጎም እንዲህ ነው የሚለው፤ «አሁን ባለንበት የሉላዊነት ዘመን ይህ ጉዳይ እጅግ አከራካሪ ሆኗል። ሁሉም ነገር ጥቅምና ጉዳት እንዳለው ይህም የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው። ይህ ድርሰት ሁለቱንም በጥልቀት ይመረምራል።»

ፈልጌ ፈልጌ «ወጣት» የሚል ቃል አጣሁ። «ገጠር» የለም። «ከተማ» የለም። ይህን መግቢያ አንሥተሽ ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ ብትለጥፊው ይሄዳል፤ ስለ ሞባይልም ይሄዳል። ለሁሉ በር የሚሆን ቁልፍ የሌባ ቁልፍ ነው። አራሚዎቹ በሺህ የሚቆጠር እንዲህ ያለ መግቢያ ያነባሉ፤ የተሸመደደ መሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። ነጥብም አይሰጡበትም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው የጠየቀሽ «የቱ ይበልጣል?» ነው። አንቺ አንድ አንቀጽ ጥቅም፣ አንድ አንቀጽ ጉዳት ጻፍሽና «ሁለቱም አለ» ብለሽ ሾለክሽ። ዳኛ ፊት ቆመሽ «ሁለቱም እውነት አላቸው» እንደማለት ነው። ራይቲንግ የሚታረመው በአራት መስፈርት ነው፤ ጥያቄውን መመለስ፣ የሐሳብ ፍሰት፣ የቃላት ሀብትና ሰዋስው። አራቱም እኩል ይመዝናሉ። አንቺ የመጀመሪያውን ሳትነኪው ነው ያለፍሽው።

ይህ የአስተዳደጋችን ጉዳይ ይመስለኛል። እኛ ለጉዳይ ሰው ቤት ስንሄድ ከብቱ ደኅና? አዝመራው ደኅና? ልጆቹ ደኅና? እንላለን። ጠላው ተቀድቶ፣ ሁለተኛው ተደግሞ፣ ልንነሣ ስንል ነው «እንግዲህ ያመጣኝ ነገር...» የምንለው። ጨዋነት ነው፤ አልነቅፈውም። እንግሊዞቹ ግን በር ላይ ቆመው «ምን ፈለግሽ?» ይሉሻል። አቋምሽ መግቢያው ላይ ይቀመጥ። እያንዳንዱ አንቀጽም በዋናው ሐሳቡ ይጀምር።

ሦስተኛ ሰዋስውሽ። ስሕተቶችሽን ቆጥሬ ሳያቸው ግማሾቹ የአማርኛ ልጆች ናቸው። እዚህ ቤት እንግሊዝኛውም በፊደል ነው የሚጻፈው፤ ታገሡኝ።

«ዲስከስ አባውት» ብለሻል። «ስለ» ጉዳዩ ተወያየን ስለምንል «አባውት» ታክሎበታል። ዲስከስ ብቻውን ይበቃዋል። «ሂ ሴድ ሚ» ብለሻል፤ «አለኝ» ውስጥ ያለችው «ኝ» ናት። «ሂ ቶልድ ሚ» ነው። «ፒፕል ኢዝ» ብለሻል፤ በአማርኛ ሕዝቡ «ነው» እንጂ «ናቸው» አይባልማ! እንግሊዝኛው ግን «ፒፕል አር» ነው። «ኢንፎርሜሽንስ» እና «አድቫይስስ»፤ እኛ መረጃዎች፣ ምክሮች እንላለን፤ እነሱ ግን እንደ ውኃ ነው የሚያዩዋቸው፤ አይቆጠሩም። «ኦልዞ» ብለሽ ጀምረሽ መሀል ላይ «በት» ጨመርሽ። «ምንም እንኳ» ካልን «ግን» ማምጣት ለምዶብናል፤ እነሱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

«ዘ» እና «ኤ» የምትባሉ፣ አፈር ብሉ! ሕይወቴን ሙሉ አስተምሬያችሁ እስከ ዛሬ እኔንም ትጥሉኛላችሁ። ለእሱ አንድ ምክር ብቻ አለኝ። አንድ የሚቆጠር ነገር ባዶውን አይቁም። «አይ ወርክ ኢን ሆስፒታል» ያልሽው «ኢን ኤ ሆስፒታል» ነው።

አሁን መልመጃው። ይህንኑ ድርሰት እንደገና ጻፊው፤ አዲስ ጥያቄ አትክፈቺ። ሰው ስሕተቱን የሚተወው ያንኑ ነገር ሲደግም ነው። መግቢያሽን ጣይው። ደግሞ ሥራሽ ቦታ ከምታዪው አንድ ነገር አምጪ።

ድንቄም እንግሊዝ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 1፡45

መምህር ይቅርታ፣ ግን እኔ በዚህ አልስማማም። 7 ያመጡት ልጆች ትላልቅ ቃላት ሸምድደው ነው። «ፕሌቶራ» (ከመጠን በላይ መብዛት)፣ «አሚሊዮሬት» (ማሻሻል) እያሉ። ስለ ጤና ጣቢያ ተራ ታሪክ ብትጽፍ ማን ነጥብ ይሰጣታል?

ጡረተኛው መምህር | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጄ፣ ጥያቄው ራሱ ከምታውቁትና ካጋጠማችሁ ምሳሌ አምጡ ይላል። ትልልቅ ቃላቱን አልጠላም። ግን ቃል ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚኖረው። አማርኛ የለመደ ፈረንጅ «ከባድ ዝናብ» ማለት ሲገባው «ክብደት ያለው ዝናብ» ቢልህ ትስቅበታለህ፤ አይደል? «ፕሌቶራ» ብለህ ቀጥለህ «ኦፍ ችልድረን» ካልክ እነሱም እንደዚያው ነው የሚስቁብህ። አንድ ቃል ስትማር ከእነ ጎረቤቱ ተማር። በሳምንት አሥር ሐረግ ይበቃሃል፤ በዚያው ሳምንት ግን ጻፍባቸው።

የአንኮበር ልጅ | መጋቢት 10፣ ከቀኑ 7፡25

ስለ ስፒኪንጉ ማንም አላወራም፤ እኔ ልግባበት። አስጎብኚ ነኝ። አይልትስ ተፈትኜ 7.5 ስፒኪንግ አምጥቻለሁ፤ ራይቲንጌን ግን አትጠይቁኝ።

እኛ ጋ የሚመጣው ፈረንጅ ብዙው ወፍ ለማየት ነው። አንኮበር ሴሪን የምትባል፣ በሳይንስ የታወቀችው በፈረንጆቹ 1976 የሆነች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለች ወፍ አለችን። ትንሽ ናት፣ ቡኒ ናት፤ እውነት ለመናገር አታምርም። እኔ ግን እሷን በእንግሊዝኛ ለማስወደድ ስንት ዓመት ለፋሁ። እዚያ ላይ ነው የተማርኩት። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በፈረንጆቹ 1841 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጣ በአስተርጓሚ ነበር የተነጋገሩት። እኛ አስተርጓሚ የለንም፤ ራሳችን መንተባተብ አለብን ማለት ነው።

የቆሎ አገር ልጅ፣ አንቺ የወደቅሽው በእንግሊዝኛ አይደለም። በውሸት ነው። ያላየሽውን አገር ስታወሪ አእምሮሽ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይፈጥራልም ይተረጉማልም። ለምን የጣርማ በርን ጭጋግ አላወራሽም? አውቶቡሱ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዳዴ የሚሄድበትን? ደብረ ሲና ስትደርሱ ልጆች ቆሎ ይዘው መስኮት ላይ የሚረባረቡበትን? ያንን ፈታኟ «ከማን ጋር ነበርሽ?» ብትልሽ አትደነግጪም። እዚያ ነበርሻ!

ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ስለ ራስሽ፣ ስለ አገርሽ፣ ስለ ሥራሽ ይጠይቁሻል። እዚህ ላይ በአንድ ቃል አትመልሺ። «ሥራሽን ትወጂዋለሽ?» ሲሉሽ «የስ» ብለሽ አትዝጊው፤ «አዎ፣ በተለይ ሌሊት፣ ምክንያቱም...» በይ። ሁለተኛው ካርዱ ነው። አንድ ደቂቃ መዘጋጃ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ንግግር። በመዘጋጃው ዓረፍተ ነገር አትጻፊ፤ አራት አምስት ቃል ብቻ ጫሪ። ሦስተኛው ጠለቅ ያለ ውይይት ነው፤ እዚያ ላይ ሐሳብሽ ትክክል ይሁን አይሁን አይለካም፤ አነጋገርሽ ነው የሚለካው።

ካልሰማሽ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሪፒት ዛት?» ማለት ነውር የለውም። እኔ ከቱሪስት ጋር በቀን ሃያ ጊዜ እላለሁ። እንደ ፈረንጅ ለመናገር ምላስሽን አታጣምሚ፤ ቅላጼሽ የአማራ ቢሆን ማንም ነጥብ አይቀንስብሽም፤ የሚቀነሰው ቃሉ ካልተሰማ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስተካክዪ። አንዱ፣ «እስኩል»፣ «እስትሪት» እያልን ፊት ላይ የምናስገባት «እ» ናት፤ ተያት። ሁለተኛው፣ እኛ የቃሉን ሁሉንም ቀለም (ቃሉ የሚከፈልበትን ድምፅ) በእኩል ጉልበት ነው የምንናገረው። እነሱ አንዱን ቀለም ረግጠው ሌላውን ይውጡታል። «ዲቬሎፕመንት» ላይ የሚረገጠው «ቬ» ነው። አዲስ ቃል ስትማሪ የቱ ቀለም እንደሚረገጥ አብረሽ ተማሪ።

የቆሎ አገር ልጅ | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 5፡00

የአንኮበሩ ወንድሜ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «በውሸት ነው የወደቅሽው» ያልከውን ለአባቴ ነገርኩት፤ «ድሮም ስሜን ያለ ቦታው አንሥተሽ ነው» አለኝ።

ግን ከማን ጋር ልለማመድ? ሥራ ቦታ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመርን። በሁለተኛው ቀን «ፈረንጅ ሆናችሁ እንዴ?»፣ «ጠቅላላ ሐኪም መጣች!» እያሉ ሳቁብን። ጓደኛዬ ተወችው። እኔም አፈርኩ።

ባሶና | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 5፡20

ይህች ይሉኝታ ስንቱን ሰው እንደጣለች! እኔ ደብረ ብርሃን ብርዱ ራሱ አፍ የሚያስይዝ ነው፤ ሰው ሲጨመርበት ጭራሽ።

እኔን ያወጣኝ ስልኬ ነው። በየቀኑ አንድ ርዕስ ይዤ አራት ደቂቃ አውርቼ እቀዳለሁ። ያንኑ ርዕስ በሦስት ደቂቃ። ከዚያ በሁለት። 4-3-2 ይባላል፤ አንድ ነገር እያጠረ በሄደ ሰዓት ሲደገም አፍ ይፈታል። የመጨረሻውን ሰምቼ ቃል በቃል ወረቀት ላይ እገለብጠዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስገለብጠው «ኤንድ ዜን» 19 ጊዜ ብያለሁ! ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ማድመጡን ከፈለግሽ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ የስድስት ደቂቃ ዝግጅት አለው፤ ኔት ሲኖር አውርጂና አስቀምጪው። ዳታ ለወራት ጠፍቶብን ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ ቀን በተገኘ ጊዜ ስንቅ መያዝ ነው።

የአንኮበር ልጅ | መጋቢት 12፣ ከጠዋቱ 1፡50

በቴሌግራም ድምፅ እንለዋወጥ። ማታ ማታ አንድ ካርድ እልክልሻለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ተናገሪ። እኔ ሁለት ጥያቄ እጠይቅሻለሁ። በምላሹ አንቺ የእኔን ራይቲንግ ታሪሚልኛለሽ። ዕዳ የለብንም።

ተጓዥ ነኝ | መጋቢት 14፣ ከቀኑ 8፡00

ለምን ዱኦሊንጎ የሚባለውን የኢንተርኔት እንግሊዝኛ ፈተና አትፈተኚም? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ውጤቱም በሁለት ቀን። ከአይልትስም በብዙ ይረክሳል።

ባሶና | መጋቢት 14፣ ከቀኑ 9፡15

ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ከሆነ አዎ። እኔ ሞክሬው መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ ኔቱም አብሮ ሄደ። ቶፍል የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም ሌላ አማራጭ ነው፤ ስፒኪንጉ ግን ከሰው ጋር ሳይሆን ከማይክሮፎን ጋር ነው። ፈታኝ ፊት የሚደነግጥ ሰው ሊወደው ይችላል።

የቆሎ አገር ልጅ | ሚያዝያ 6፣ ከምሽቱ 3፡40

ወሬ ላምጣ። የመምህርን ድርሰት አራት ጊዜ ጻፍኩት። አራት! መግቢያው አሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ወጣቶች ወደ ከተማ መሄዳቸው ለራሳቸው ቢጠቅምም ለሚተዉት ገጠር ጉዳቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ» ይላል። ምሳሌዬ ደግሞ ይኸው፤ ከገጠር ምጥ ይዟት የምትመጣ ሴት ድሮ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረምሶች ነበሯት። አሁን አንዳንዴ ሽማግሌዎች ናቸው ተሸክመው የሚደርሱት፤ እነሱን ራሳቸውን ማረፊያ ፈልገን እናስተኛቸዋለን። ያንን ስጽፍ ቃል አልፈለግኩም፤ ቃሉ ራሱ መጣ።

ጡረተኛው መምህር | ሚያዝያ 7፣ ከጠዋቱ 3፡30

አንብቤዋለሁ። «ዘ» ሦስት ቦታ ቀርታለች፣ «ኦልዞ»ና «በት» አሁንም አንድ ቦታ ተቃቅፈዋል። የሽማግሌዎቹ ቦታ ላይ ግን ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጬ ዝም ብዬ ቆየሁ።

በይ አሁን አዲስ ጥያቄ። በየሳምንቱ ሁለት።

የቆሎ አገር ልጅ | ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 2፡00

ውጤት መጣ። ተቀመጡ።

ስፒኪንግ 6። ካርዱ «የረዳሽውን ሰው ተናገሪ» ነበር፤ በጭጋግ ምክንያት አምቡላንስ ቆሞብን ጧፍ አብርተን ያዋለድናትን ሴት አወራሁ። ፈታኙ «ሕፃኑስ?» አለኝ፤ የፈተና ጥያቄ ይሁን የራሱ ጉጉት አላወቅኩም። ራይቲንግ 6። ሪዲንግ 6.5።

ሊስኒንግ ግን 6። ወረደ።

24.5 ለ4፣ 6.125። አጠቃላይ 6 ተብሎ ተጻፈልኝ። ባሶና፣ ሒሳብህ ጉድ ሠራኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ከዚያው ወጥቼ በማግስቱ ለመፈተን መኪና ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ አስቆመን። አዲስ አበባ ስገባ መሽቷል፣ ያረፍኩበት ቤት ደግሞ ሠርግ ነበር። ጠዋት ሊስኒንግ ላይ ሦስተኛው ክፍል ሲነበብ ዓይኔ ተከድኖ ቆየ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ነው የሚሰማው፤ አለፈኝ።

ባሶና | ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 2፡25

ውይ እህቴ! ሊስኒንጉ 6.5 ቢሆን እኮ 25፣ 6.25፣ 6.5 ነበር።

በኮምፒውተር ነው የተፈተንሽው? ከሆነ አንዱን ክፍል ብቻ መድገም የሚባል ነገር አለ፤ ከፈተናው ቀን በ60 ቀን ውስጥ። በሁሉም አገር አይሰጥም፣ ሁሉም ትምህርት ቤትም አይቀበለውም። ከመክፈልሽ በፊት ሁለቱንም ጠይቂ። ዘንድሮ ሳይጠይቁ መክፈል ይብቃን።

ጡረተኛው መምህር | ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 3፡10

ልጄ፣ የቸገረሽ ራይቲንግና ስፒኪንግ ነበር፤ ሁለቱንም አንሥተሻል። ያ ተመልሶ አይወርድም። ለመሆኑ የሕፃኗ ስም ማን ተባለ?

የቆሎ አገር ልጅ | ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድ ነው፣ መምህር። ጭጋጉ ብለው ነው የሚጠሩት፤ የክርስትና ስሙን አላውቅም።

ባሶና፣ በወረቀት ነው የተፈተንኩት፤ ስለዚህ ሙሉውን ነው የምደግመው። ትምህርት ቤቱ ማመልከቻዬን እስከ ኅዳር ይዞ ይቆይልኛል፤ ጠይቄያቸዋለሁ፣ በጽሑፍ መልሰውልኛል። ለጥቅምት እመዘገባለሁ። ያኔ ፈቃድ ወስጄ ሁለት ቀን ቀድሜ እገባለሁ፤ ሠርግ የሌለበት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

የአንኮበር ልጅ | ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 3፡45

እኅቴ ጋ እደሪ፤ ሽሮ ሜዳ ናት። ውሻዋ ግን ይጮኻል።